ምላጭ አንገት ላይ ሳለ የተነገረ ትንበያ

ሐምሌ 3

ለተከበርከው ለእኔው ለራሴ፤ ለጡረተኛው የሰዋስው መምህር፥ ለጎልፍ ወዳጁ፥ ቃሉን ለማያጥፈው ሰው።

በየክረምቱ ይህን ማስታወሻ የምጽፍልህ ሌላ ሰው እንዲያነበው አይደለም። ሰው ሲሸመግል ትናንት የተናገረውን ዛሬ አሳምሮ ያስታውሰዋል። ተሳስቶ ሳለ «ብዬ ነበር» ይላል። ከዚህ ነውር ትጠበቅ ዘንድ ያልከውን ባልክበት ቀን፥ እንዳልከው እጽፍልሃለሁ።

ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ዝናብ። የጎልፍ ሜዳው በጭቃ ምክንያት ተዘጋ። ዘበኛው በሩን በሰንሰለት ሲጠፍረው ከአጥሩ ማዶ ቆሜ አየሁ። እንግዲህ ፀሐይ ስትወጣ ያገናኘን አለኝ። እስከዚያ እንደ እኔ ላለው ተመልካች የሚቀረው ቴሌቪዥንና ትንበያ ነው።

ቤት ውስጥ ግን እንደ ወትሮው ክረምት ብቻዬን አይደለሁም። ልጄ ከነጨቅላዋ መጥታለች። ባሏ ጎልፍ ተጫዋች ነው፤ መተዳደሪያው ነው። ፀሐይ ወዳለበት አገር ለማጣሪያ ውድድር ሄዷል። ካለፈ ከትልልቆቹ ጋር ይሰለፋል። ሕፃኑ ገና ስም አልወጣለትም። አባቱ መጥቶ ያውጣለት ብላ ሙጭጭ ብላለች። እስከዚያ «እንግዳው» ነው የምንለው።

ሐምሌ 6

ኮሪደሩ ላይ ገመድ ተወጥሮ የሕፃን ጨርቅ ተሰጥቶበታል። ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። በዚህ ቤት ጎንበስ ብዬ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የአምናውን ውድድር በድጋሚ አሳዩ። የጎልፍ ተንታኝ እንደ ሌላው ጨዋታ ተንታኝ አይጮህም፤ ያንሾካሹካል። እንግዳው ሲያለቅስ ቆይቶ ይህን ሹክሹክታ ሲሰማ ዝም አለ... ከዚያ ተኛ። ልጄ ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻለሁ? አላስታውስም። የተኛበትን ቅርጫት ከወንበሬ አጠገብ አኖረችው፤ ጓደኛ አገኙ ብላኝ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ሰዎች ይጠይቁኛል። ዱላ ጨብጠህ የማታውቅ ሰው ከጎልፍ ምን አለህ? መልሴ አንድ ነው። በሌላው ጨዋታ ሁሉ ዳኛ አለ፤ ዳኛው ካላየ ተጫዋቹ አላጠፋም። በጎልፍ ግን ሰው ቁጥቋጦ ውስጥ ብቻውን ከኳሱ ጋር ይቀራል። ቢነካት የሚያይ የለም። ሲነካት ራሱ ወጥቶ ነክቻታለሁ፥ አንድ ምት ጨምሩብኝ ይላል፤ ምት የበዛበት በሚሸነፍበት ጨዋታ። በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው... ይህን ለማየት ነው በዝናብም በፀሐይም ከተመልካቾች ገመድ ኋላ የቆምኩት። ዕድሜ ልኬን ክፍል ውስጥ ላስተምረው የደከምኩትም ይህንኑ ነበር።

ሐምሌ 9

ልጄ ትንሽ ይያዙልኝ አባባ አለችኝ። አንገቱ ይጽና አልኳት።

ሰበብ ነው። ለራሴ መዋሸት ስለማልሻ እጽፈዋለሁ። ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጠመኔ እይዝ በነበረ ጊዜ አይታወቅም ነበር፤ አሁን ብርጭቆ ስይዝ ይታወቃል። ብርጭቆ ቢወድቅ ብርጭቆ ነው...

ሐምሌ 12

ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ዋልኩ። ያው እኛው ነን፤ እሱ፥ ጡረተኛው ባቡር ነጂና እኔ። እኔን «ዳኛው» ይሉኛል። አልከፋኝም።

የትንበያ ደንባችን የታወቀ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፥ ጨርቁ አንገት ላይ ታስሮ፥ ምላጩ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ይነገራል። ደንቡን ያወጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያለ ሰው አይዋሽም ይላል። ባቡር ነጂው ደግሞ፥ ይህ እውነት ቢሆን የደንበኞችህን ግማሽ እስካሁን አርደህ ነበር ይለዋል። እንዲህ ሆኖ የተነገረ ቃል አይታጠፍም። ቁማር አይደለም፤ ገንዘብ አይነካም። ቃል ነው።

ዛሬ ባቡር ነጂው ስለ ትልቁ ውድድር ተነበየ፤ እንደ ልማዱ አምና ያሸነፈውን ጠራ። ሐዲድ ለምዶ መታጠፍ አያውቅም አልነው። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ እንደ ልማዱ ፎከረ። ያምና ክረምት ሊገባ ሲል በእኔ ጓሮ ቆርቆሮ ቀብረው፥ እሱን ጉድጓድ አድርገው ከአማቼ ጋር ተጫውተው አሸንፎታል። ባለሙያ ያሸነፈ ሰው ፀጉር እየቆረጠ መኖሩ ትሕትናው ነው ይለናል። ሌላው ይስቃል።

እኔ ያን ቀን አልረሳሁትም። ሟች ባለቤቴ ከተከለቻት ጽጌረዳ ሥር ኳሷ ተኝታ ነበር። አማቼ በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ አወጣት፤ እየሳቀ። በረንዳ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ተነስቼ ቤት ገባሁ። በቀልድ የሰረቀ በቁም ነገር ይሰርቃል። ከዚያ ወዲህ ልቤ ለሰውየው አልተከፈተም።

ሐምሌ 16

ልጄ የደበቀችውን ዛሬ ነገረችኝ። ባሏ በዚህ ውድድር ካላለፈ ዱላውን ሊሰቅል ቃል ገብቶላታል። ሕፃን ይዞ አገር ላገር መንከራተት አይቻልም ብሎ። እሷ አልጠየቀችውም።

«ከልጅነቱ የሚያውቀው ይህንኑ ነው፥ አባባ። ከተወው ምን ሆኖ ይኖራል?»

እንግዳውን እያጠባች ስለነበር ፊቷን አላየሁም። የማጽናኛ ቃል ፈልጋለች። የማላምንበትን ከምናገር ዝም ማለት ይሻላል አልኩ በልቤ... ይሻላል?

ሐምሌ 19

እንደ ተደረገው እጽፈዋለሁ።

ተራዬ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ አረፋው ተቀባ። ባቡር ነጂው የሩቁን ተወውና የቤትህን ንገረን፥ አማችህ ያልፋል አያልፍም? አለ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንስቶ ቆም አለ። ይህችን እንኳ ይለፏት ጋሼ አለኝ። ማለፍ ይገባኝ ነበር። ግን ስለ ሰው ቤት ሲናገር የሚደፍር፥ ስለ ራሱ ቤት ሲሆን የሚያፍር ዳኛ ምን ዳኛ ነው? አያልፍም ብዬ ጀመርኩ።

በዚህ ጊዜ በሩ ሲከፈት በመስታወቱ አየሁ። ልጄ ናት። ዣንጥላዬን ረስቼ ወጥቼ ኖሮ ይዛልኝ መጥታለች። እንግዳው ደረቷ ላይ በሻርፕ ተሸፍኗል። ዓይኗ በመስታወቱ ውስጥ ከዓይኔ ጋር ተጋጠመ።

ማቆም እችል ነበር። ምላጩ አልከለከለኝም።

«አያልፍም። የሚጥለው ክንዱ አይደለም፤ ጠባዩ ነው። ብቻውን ሲሆን ሕግ የሚያከብር ሰው አይደለም» ብዬ ጨረስኩት።

ዣንጥላውን የበሩ እጀታ ላይ ሰቅላ ወጣች። ለራሷ ዣንጥላ ነበራት?... አላየሁም። ፀጉር አስተካካዩ የቀረውን ጺሜን ላጨ።

ሐምሌ 20

አላናገረችኝም። ምሳዬ ግን ተከድኖ ቀርቧል።

ሐምሌ 24

አነጋገርኳት። እውነት መናገር ጥፋት ከሆነ ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም፤ አልጮኸችም ግን። እሱ ሲመጣ ወደ እናቱ ቤት እንደሚሄዱ ነገረችኝ። የሕፃኑን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ጀምራለች።

ሁልጊዜም በአክብሮት ነው የምታናግረኝ። ዛሬም አክብሮቱ አልጎደለም። ግን ከኋላው «አባባ» የሚል ይከተል ነበር። ዛሬ አልተከተለም።

ቅርጫቱም ከወንበሬ አጠገብ ተነስቷል። ቴሌቪዥኑ ለእኔ ብቻ ያንሾካሹካል።

ሐምሌ 28

እንግዳው በወዲያኛው ክፍል ሲያለቅስ ዋለ። ልጄ እያዘለች፥ እያወረደች፥ እያንጎራጎረች... አልተወም። የጎልፉን ሹክሹክታ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት። ግድግዳውን አልፎ እንደሆነ አላውቅም። ብቻ ዝም አለ።

ልጄ ድምፁን ቀንሱ አላለችኝም።

ነሐሴ 2

አዋላጇ ሕፃኑን ልትመዝን መጣች። ዝናብ ያበሰበሳት፥ አፏ የማያርፍ ሴት። እንግዳው ገና ሚዛኑን ሲያይ ተቆጣ። ይሄስ ቁርጥ አያቱን ነው፥ ሲመዝኑት አይወድም አለች። ልጄ ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው።

ሚዛኑን እስክታስተካክል ብላ እንግዳውን ወደ እኔ ዘረጋችው። እጄን ከኮቴ ኪስ አላወጣሁም። ልጄ ከወዲያ መጥታ ተቀበለቻት።

«ለእኔ ስጪኝ። እሳቸው አይዙም።»

እሳቸው...

ነሐሴ 10

ውድድሩ ተጀመረ። ትንሽ ውድድር ስለሆነ በቴሌቪዥን አይታይም። ባቡር ነጂው ውጤቱን በስልኩ ይከታተላል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽሬን ያያችሁ እያለ። አማቼ በደህና ጀምሯል። እንዲያውም ከደህና በላይ።

ልቤ ምን ይመኛል? ቢያልፍ ቃሌ ይወድቃል። ቢወድቅ ልጄ ታለቅሳለች። ቃሌ እንዳይወድቅ ተመኝቻለሁን? ይህን ጥያቄ መጻፌ ይበቃል። መልሱን አልጽፍም።

ነሐሴ 11

ዛሬም ከሚያልፉት መሐል ነው። ልጄ ማድ ቤት ውስጥ አንዱን ድስት ደጋግማ ታጥባለች።

ነሐሴ 12

በአንድ ምት ወደቀ።

ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው፥ ከመጨረሻው ጉድጓድ በፊት ባለው ላይ፥ አንድ ምት ተጨምሮበት ታየ። ለምን እንደሆነ ስልኩ አይናገርም። ጭንቀት ነው አልን። ባቡር ነጂው እጄን ጨበጠኝ፤ ዳኛው አልሳተም አለ። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣ ያጥፍ ነበር፤ ቀና አላለም።

ቤት ስገባ ልጄ ስልክ ይዛ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። ብዙ ታዳምጣለች፥ ጥቂት ትናገራለች። «አውቃለሁ... አውቃለሁ... ደግ አደረግህ» ስትል ሰማሁ። ምኑ ነው ደጉ? ለወደቀ ሰው ደግ አደረግህ ይባላል?

ትንበያዬ ደርሷል። እህል ግን አልወረደልኝም።

ነሐሴ 16

ባቡር ነጂው የስፖርት ዜና ከስልኩ ያነብልን ነበር። ጮክ ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ ድምፁ ዝቅ አለ። አቁም ወይም ጨርስ አልኩት። ጨረሰው።

ከአማቼ ጋር የተጫወተው ሰው ለጋዜጠኛ የተናገረው ነው። ኳሷ ረጅም ሣር ውስጥ ነበረች። አማቼ ዱላውን ከኋላዋ ሲያሳርፍ ተነቃነቀች። ያየ ሰው አልነበረም፤ ካሜራም አልነበረም። ራሱ ወጥቶ ነክቻታለሁ፥ አንድ ምት ጨምሩብኝ አለ። ንፋስ ይሆናል ተው ብዬው ነበር ይላል ሰውየው፤ ንፋስ አልነበረም ብሎ መለሰልኝ።

መስታወቱ ውስጥ የራሴን ፊት አየሁና ዞር አልኩ። ቢሆንም አልኩ። ቢሆንም ያምናውስ? በጓሮዬ በጫማው የገፋትስ? ለካ ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬዋለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፥ ያን ቀን እርስዎ ቶሎ ገቡ። የገፋት የእትዬን ጽጌረዳ እንዳይመታ ብሎ ነው። እዚያው በራሱ ላይ አንድ ምት ቆጠረ። እኔ በምን ያሸነፍኩት ይመስልዎታል? በዚያችው ምት ነው።»

ባቡር ነጂው ዓመት ሙሉ ያደነቆርከን በዚህ ነው? አለው። ማሸነፍ ማሸነፍ ነው ብሎ መለሰለት፤ ግን አልሳቀም። ያን ዕለት ምላጩን ይዞ ሲቆም ሊነግረኝ አስቦ እንደነበር፥ ፉከራው እንዳያልቅበት ብሎ እንደዋጠው ነገረኝ። አልተቆጣሁትም። በምን አፌ?

ጨዋታው ሳያልቅ ተነስቼ የገባሁት እኔ ነኝ። ምስክር ሳይሰማ የፈረደ ዳኛ...

ነሐሴ 17

ያወቅሁትን ለልጄ ነገርኳት። ቀድማ ታውቅ ኖሯል፤ የዚያኑ ዕለት በስልክ ነግሯታል። ታዲያ ለምን ዝም አልሺኝ አልኳት። ጨርቅ ታጥፍ ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው የሚሰማ ሲኖር ነው።»

አነጋገሩ የእኔው ነው። ከእኔ የተማረችውን መለሰችልኝ።

ኳሷ ስትነቃነቅ ምን አስቦ እንደነበርም ነግሯታል። ዝም ብዬ ባልፍ፥ ከገመዱ ኋላ የሚቆሙትን አባትሽን በምን ዓይን አያቸዋለሁ ብሎ። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ አልተለወጠም። እኔ ግን ወንበር ፈለግሁ።

ይቅርታ አልኩ? አልኩ። ቃሉ አፌ ውስጥ እንደ አሸዋ ነበር። ሰማች፤ አልመለሰችም። ለመልስ ብዬ ስላልተናገርኩት አልጠበቅሁም... ጠብቄያለሁ።

ነሐሴ 19

ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጺሜ ገና አላደገም። ቢሆንም አረፋውን ቀባኝ አልኩት። ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ እስኪደርስ ጠበቅሁ።

ያልኩት ይህ ነው፦ «ቃሌ ደርሷል፤ ምክንያቱ ግን ሐሰት ነበር። ሰውየው ብቻውን ሲሆን ሕግ የሚያከብር ሰው ነው። የሐምሌውን ቃሌን አጥፌያለሁ።»

በዚያ ወንበር ላይ ቃል ሲታጠፍ የመጀመሪያው ነው። ባቡር ነጂው ጉሮሮውን ጠረገ። እንዲህ ከሆነስ እኔም የማጥፈው ብዙ አለኝ አለ። አንተ ዝም በል አለው ፀጉር አስተካካዩ።

መስታወቱ ውስጥ በሩን አየሁት። የቆመ ሰው አልነበረም። ክፉውን ሰምታ ደጉን ሳትሰማ ቀረች። የራሴ ሥራ ነው።

ነሐሴ 22

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የነበረውን የመጻሕፍት ሣጥን ወደ መኝታ ክፍሌ ጎተትኩት። አምና አማቼ የዱላ ቦርሳውን እዚያ ላኑር ቢለኝ ቤቴ መጋዘን አይደለም ብዬው ነበር። ቦታው ለአንድ ቦርሳ ይበቃል። ከዣንጥላዬ አጠገብ።

ስጎትት ልጄ አየችኝ። መጥታ አንዱን ጫፍ ያዘችልኝ። የእነሱ ሻንጣ አሁንም በሩ አጠገብ ነው።

ነሐሴ 25

ዝናቡ ሳስቷል። ሜዳው ግን ገና እንደ ታሰረ ነው።

አማቼ ከቀትር በኋላ ገባ። ጠቁሯል፥ ከስቷል። ያዘጋጀሁለት ንግግር ነበረኝ፤ መግቢያ፥ ሐተታና መደምደሚያ ያለው። ከመግቢያው ሳልወጣ ይተዉት መምህር አለኝ፤ ኳሷን በጫማዬ መግፋቴን በዓይንዎ አይተዋል፥ አላዩም አልልም። ዱላውን ይሰቅል እንደሆነ ጠየቅሁት። ቃል ቃል ነው አለ። ሜዳው ሲከፈት ለልጆች ጨዋታውን ሊያስተምር ከኃላፊው ጋር ተነጋግሯል። መምህር ሊሆን ነው። መጀመሪያ ምን ታስተምራቸዋለህ አልኩት። መቁጠር አለኝ።

ቦርሳውን ይዞ ኮሪደሩ ውስጥ ቆመ። ባዶውን ቦታ አየ፤ አኖረው። ስለ ሕፃኑ ስም ነገ እንመካከራለን አለ፤ ሲናገር ወደ እኔም አየ። ልጄ ደግሞ ከሻንጣው የሕፃኑን ልብስ አውጥታ ገመዱ ላይ ታሰጣ ነበር። ሊሄዱ ነው ወይስ ሊቀመጡ? አልጠየቅሁም። ትንበያ ትቻለሁ።

ከዚያ አማቼ ልጁን ከመያዙ በፊት እጁን ሊታጠብ ገባ። ልጄ እንግዳውን አቅፋ ሳሎን መሐል ቆማ ሳለች ማድ ቤት ውስጥ ወተቱ ገነፈለ። ግራ ቀኝ አየች። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። መጥታ ክንዴ ላይ አኖረችው።

እንደ ገመትኩት አልነበረም፤ ይከብዳል፥ ይሞቃል። እጄ ወዲያው ጀመረው። መንቀጥቀጡ ከክንዴ ወደ ጨርቁ፥ ከጨርቁ ወደ ትንሿ ጉንጩ ሲሄድ አየሁ። ውሰጂው ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ድስቱን ልታወርድ ሄዳ ነበር። ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ዞር ብላ አየችን፤ እጄንም አየችው። እንዲህም አለችኝ፦

«ቢንቀጠቀጡም ግድ የለም፥ አባባ። እሱ አይቆጥርብዎትም።»